እናቴ ቅቤ የቀባችው ዛፍ

እናቴ ስትጸልይ ድምጿን መቀነስ አትችልም። ሳትሞክር ቀርታ አይደለም። ከእኛ በታች የሚኖሩት ሽማግሌ ኮርኒሳቸውን በመጥረጊያ እንጨት መደብደብ ከጀመሩ ወዲህ ያልሞከረችው ነገር የለም። ፊቷን ትራስ ውስጥ ቀብራ ጸልያለች። ቁም ሳጥን ከፍታ ካፖርቶቹ መሃል ገብታ ጸልያለች። አንድ ጊዜ ደግሞ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ መጭመቅ እስኪጀምር ጠብቃ ጀመረች፤ ማሽኑ ሲያቆም እሷ አላቆመችም። በሹክሹክታ ትጀምርና ምስጋናው ጋ ስትደርስ ሕንፃው በሙሉ ይሰማታል።

ቤታችን ጻይልስሃይም ነው፣ ከፍራንክፈርት ምዕራብ ጫፍ። ሽማግሌው ክፉ ሰው አይደሉም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ሌሊት እንቅልፍ የማይወስዳቸውና ሊነጋጋ ሲል ትንሽ የሚያሸልባቸው ሰው ናቸው፤ እናቴም የምትነሣው ልክ በዚያው ሰዓት ነው። እኔ የምሠራው ሮደልሃይም በሚገኝ አልተንሃይም፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፤ እሳቸውም ይህን ያውቃሉ። ልጃቸው እንዲህ ያለ ቦታ ሊያስገባቸው እንደሚፈልግ ደረጃ ላይ ቆመው ነግረውኛል። ስለዚህ የሥራ ልብሴን ለብሼ ባገኙኝ ቁጥር "ኖኽ ኒሽት" ይሉኛል፤ ገና ነኝ ማለታቸው ነው። ልወስዳቸው የመጣሁ ይመስል ግድግዳውን ተጠግተው ያልፋሉ።

አንድ ቀን አከራያችን ደወለ። በጣም በትሕትና ነው ያናገረኝ፤ በዚህ አገር ሰው በጣም ትሑት ሲሆን ያስፈራኛል። ከእንግዲህ አንድ ቅሬታ ከሰማ ኩንዲጉንግ እንደሚልክ ነገረኝ። ኩንዲጉንግ ቤቱን ልቀቁ ማለት ነው። ፍራንክፈርት ውስጥ የኪራይ ቤት ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ይህን ቃል ሁለት ጊዜ መስማት አይፈልግም።

ለእናቴ ላልነግራት ወስኜ ነበር። ልጄ ነገረቻት። ልጄ ገና አሥራዎቹን የጀመረች ናት፤ አማርኛ ትሰማለች፣ በጀርመንኛ ትመልሳለች፣ ምስጢር አትይዝም።

እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና "እንግዲህ በእኔ ምክንያት ልትባረሩ ነው" አለች። አዲስ አበባ የነበረው ቤቷ ፈርሶባት ነው እኔ ጋ የመጣችው። አንድ ጊዜ ከቤት መውጣት ይበቃኛል፣ ለሁለተኛው አቅም የለኝም ትል ነበር፤ አሁን ሁለተኛውን በገዛ ድምጿ የጠራችው መሰላት። ፊቷን ሳየው አንድ ነገር ማድረግ እንዳለብኝ ገባኝ። ምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

እሷ ታውቅ ኖሯል። ሻይዋን ጨርሳ፣ "ይሄ አገር ጫካ የለውም እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ።

አዲስ አበባ እያለች ከጸሎት ጓደኞቿ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ጫካ ይወጡ ነበር። እያንዳንዷ አንድ አንድ ዛፍ ትይዛለች፣ ነጠላዋን ታጠብቃለች፣ ከዚያ እንደ ልቧ ትጮኻለች። ማንም ኮርኒስ አይደበድብም። ጫካ ጸሎት ይሉታል። ፍራንክፈርት ደግሞ ከወንዙ ማዶ ሽታትቫልድ የሚባል ሰፊ የከተማ ደን አላት። እዚህ ስኖር ብዙ ዓመቴ ነው፤ ደኑን የማውቀው ግን ከባቡር መስኮት ብቻ ነበር። ቅዳሜ ለእኔ የእንቅልፍ ቀን ናት። ይህን ለእናቴ ነገርኳት። "እዚያም ትተኛለሽ" አለችኝ።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ሦስታችን ሁለት አውቶቡስ ቀያይረን ወንዙን ተሻገርንና ደኑ አፋፍ ላይ ወረድን። ቅጠሉ ቢጫና ቡናማ ሆኖ እስከ ቁርጭምጭሚታችን ይደርሳል። ልጄ ስልኳን እያየች ትከተለናለች። ዛፍ መምረጡ ግን የዋዛ አልነበረም። እናቴ የመረጠችው ለበዓል ዶሮ በምትመርጥበት ዓይን ነው። አንዱ ዘመመ፤ አንዱ ልጅ ነው፤ አንዱ ሰዎች ዳቦ ከሚበሉበት አግዳሚ ወንበር ጎን ነው። ቅርፊቱ ለስላሳና ግራጫ የሆነ አንድ ረጅም ዛፍ ሳሳያት ሽቅብ አየችውና "ይሄ ይኮራል" ብላ አለፈችው። በመጨረሻ የእግር መንገዱ ዳር ያለ አንድ አሮጌ የባሉጥ ዛፍ ጋ ቆመች። ሆዱ ተቦርቡሯል፤ አንድ ትልቅ ቅርንጫፉ ተሰብሮ ጉቶው ብቻ ቀርቷል፤ ግንዱን ሦስታችን እጅ ለእጅ ተያይዘን አናቅፈውም። "ይሄ ብዙ አይቷል" አለችና ቦርሳዋን ሥሩ ላይ አስቀመጠች። በቃ፣ የእሷ ሆነ።

አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ነው። አውሮፕላኖቹ ሆዳቸው እስኪታይ ዝቅ ብለው በላያችን ያልፋሉ። ጸሎቷን ይረብሹባታል ብዬ ስሰጋ እሷ ግን ደስ አላት። ቀላል ቀላሉን ልመና በጸጥታው ታደርስና ከባድ ከባዱን አውሮፕላን እስኪመጣ ታቆየዋለች። የወንድሜ የስኳር በሽታ አንድ በጣም ትልቅ አውሮፕላን ደረሰው። የእኔ ባል ማጣት፣ እኔ ሳልጠይቅ፣ ሁለት ተከታታይ ወሰደ። የባሉጡ ፍሬ ደግሞ ከላይ ጠብ እያለ መሬቱን ይመታል፤ በወደቀ ቁጥር "አሜን" ትላለች። አንዱ እኔን አናቴን ሲመታኝም አሜን አለች።

በእግር መንገዱ የሚያልፉት ሰዎች ሁለት ሁለት ዘንግ ይዘው እየተመረኮዙ ነው የሚሄዱት። እናቴ ጸሎቷን ገታ አድርጋ አየቻቸው። "ምነው፣ ይሄ ሁሉ ሰው እግሩን?" አለችኝ። ስፖርት ነው አልኳት። "ለጤነኛ እግር ምርኩዝ?" ብላ ሳቀችብኝ፤ የጀርመን መንግሥት የሸሸገው በሽታ እንዳለ ነው ያመነችው። ወዲያው ከመካከላቸው አንድ ባልና ሚስት ቆም አሉና፣ ጩኸት ሰምተናል፣ እርዳታ ትፈልጋላችሁ ወይ ብለው ጠየቁን። ከመመለሴ በፊት እናቴ "ንገሪያቸው፣ ለእግራቸው እጸልያለሁ" አለች። እያፈርኩ ተረጎምኩ። ሰውዬው ትንሽ አሰበና እውነትም ግራ ጉልበቱን እንደሚያመው ተናገረ። እናቴ ሌላ ምን ትፈልጋለች? ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ያዘችለት፤ አውሮፕላንም መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባገኘን ቁጥር ዘንጉን ከፍ አድርጎ "በሰር" ይላል፤ ተሽሎኛል ነው። ዘንጉን ግን አልጣለም፤ እናቴም ይህን እንደ እምነት ማነስ ቆጥራበታለች።

በፈረንጆቹ ክረምት ጫካው ተራቆተ። እናቴ መንገድ ዳር ያሉ ዛፎች ሲረግፉ አይታለች፤ የመኪናው ጭስ ነው ትል ነበር። ደኑ በሙሉ ግንድና ቅርንጫፍ ብቻ ሆኖ ስታየው ግን "ማን ነው የሚያጠጣቸው?" ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች። በየቦታው ተቆርጦ የተከመረውና ሆን ተብሎ እንዲበሰብስ የተተወው እንጨት ደግሞ አናደዳት። "ይሄን ሁሉ ማገዶ ጭቃ ላይ ጥለው በጋዝ ይሞቃሉ" አለች። እኔ ተክዤ ዞር ስል ጭራሮ ሰብስባ፣ በአንገት ልብሷ አስራ፣ ጀርባዋ ላይ አድርጋዋለች።

ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ከስልኳ ቀና አለች። "ኦማ፣ ዳስ ዳርፍ ማን ኒሽት" አለች። አያቴ፣ አይፈቀድም ማለቷ ነው።

"በዚህ አገር የሚፈቀድ ነገር ስታገኚ ንገሪኝ" አለቻት እናቴ።

ያን እስር ጭራሮ ሁለት አውቶቡስ ቀያይረን አመጣነው። ሰው ሁሉ ቦታ ለቀቀልን። ምድጃ የሌለን መሆኑ ትዝ ያላት ቤት ስንደርስ ነው፤ በረንዳ ላይ ከባዶ ቆርቆሮዎቿ ጎን አቆመችው። እናቴ ባዶ ነገር አትጥልም። የቲማቲም ድልህ ጣሳ፣ የወይራ ጠርሙስ፣ ሁሉም አንድ ቀን ያስፈልጋል እየተባለ እዚያ ይሰለፋል። ከታች ያሉት ሽማግሌ በረንዳችንን አንጋጠው አይተው እሳት ልታነዱ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አይደለም አልኳቸው። ኮርኒሱን ግን መደብደብ ትተው ነበር። እናቴ የሳምንቱን ጩኸት ቅዳሜ ጫካ አራግፋ ስለምትመጣ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ መጸለይ ችላለች። አከራዩም አልደወለ። እኔ ስልኬ በጮኸ ቁጥር መደንገጤን አልተውኩም።

በጸደይ ሌላ ጭንቀት መጣ። ግራጫዎቹ ኩሩ ዛፎች በአንድ ሳምንት ውስጥ አረንጓዴ ለበሱ፤ መሬቱ በነጫጭ አበባ ተሸፈነ፤ አንደኛው የደኑ ጥግ በሙሉ ነጭ ሽንኩርት የሚሸት ቅጠል አበቀለና እናቴ ሽታውን ተከትላ ጠፋችብን። የእሷ ባሉጥ ግን እንደ ደረቀ ነው። ቅዳሜ ሄድን፣ ደረቅ። በሚቀጥለውም ሄድን፣ ደረቅ። እናቴ ግንዱን እየዳሰሰች "ለሁሉም ደርሶ አንተን ረሳህ?" ስትለው ሰማኋት። ከዚያ ለራሷ ደነገጠች። ከዛፍ ጋር እያወራች ነው።

ይህ ለእናቴ ቀላል ነገር አይደለም። ወጣት ሳለች የሰፈሯ ሰው ሁሉ አንድ ትልቅ ዋርካ ይሳለም ነበር። አድባር ነው፤ ቅቤ ይቀባል፣ ቂጣና ንፍሮ ሥሩ ይቀመጥለታል። እናቴ ጌታን ስትቀበል መጀመሪያ የተጣላችው ከዚያ ዋርካ ጋር ነው፤ በዚህም ምክንያት ዘመዶቿ ለብዙ ጊዜ አላናገሯትም። አሁን ደግሞ ለጉባኤያችን በተከራየነው አዳራሽ የምናመልክ ሴቶች የጸሎት መሪ፣ ሁላችንም እህት የምንላት፣ ቁም ነገረኛ ሴት ናት፣ ነገሩን ሰምታ ኖሮ ከአምልኮ በኋላ ጠጋ ብላ "እማማ፣ አንድ ዛፍ ይዘዋል አሉ" አለቻት።

"ለመደገፊያ ነው" አለች እናቴ።

"ሁልጊዜ እሱን ብቻ?"

"ጀርባዬን ለመደው።"

እህት አንድ ቅዳሜ መጥቼ አብሬዎት እጸልያለሁ አለች። እናቴን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ባሉጡ ከሁሉም ዛፎች ዘግይቶ፣ ግን በደንብ፣ ቅጠል ሲያወጣ እንኳን ደስታዋን ቆጥባ ነው የተደሰተችው። እኔ የባሉጥ ተፈጥሮው መዘግየት መሆኑን ቆይቼ ሰማሁ፤ ሳልነግራት ቀረሁ።

በጋው አልፎ ቅጠሉ መክበድ ሲጀምር፣ ቅዳሜ ጠዋት ደርሰን አየን። የባሉጡ ግንድ ላይ ቀለም ተቀብቷል። ነጭ፣ እንደ ማዕበል የሚጠማዘዝ መስመር ዙሪያውን ከቦታል። እናቴ ቦርሳዋን መሬት ላይ አላኖረችም። ያን ቀን አልጸለየችም፤ አውሮፕላኖቹ ያለ ሥራ አለፉ።

ቀለም ምን ማለት እንደሆነ እናቴ ታውቃለች። አንድ ጠዋት አዲስ አበባ በሯን ስትከፍት አጥሩ ላይ ቀይ ምልክት ተቀብቶ ጠበቃት፤ ቤቱ ለልማት ይፈለጋል ማለት ነው። ጎረቤቷ ወዲያው ሽቦ ይዛ ወጥታ የራሷን ፈግፍጋ አጠፋች። እናቴ ግን የመንግሥት ነገር ነው ብላ አልነካችውም። የጎረቤቷም ቤት ፈረሰ፤ ግን ዘግይቶ ነው። "አንድ ሳምንት አተረፈች" ትላለች እናቴ እስካሁን። "እኔ እያየሁት ዝም አልኩ።"

ማዘጋጃ ቤቱ ደውዬ ልጠይቅ አልኳት። ቴርሚን፣ ማለት ቀጠሮ፣ እይዛለሁ፣ ሰዉን አነጋግራለሁ አልኳት።

"ያኔም ቀበሌ ሂጂ አሉኝ" አለች። "ሄድኩ። ተራ ያዝኩ። ተራዬ ሳይደርስ ዶዘሩ ደረሰ።"

ሳምንቱን ሙሉ እሷና ልጄ ሲንሾካሾኩ አየሁ። ልጄ ስልኳ ላይ አንብባ፣ ቀለም በቅባት እንደሚለቅ ለአያቷ አስተምራታለች። ቅዳሜ እናቴ ከሁላችንም ቀድማ ተነሥታ ቦርሳዋን ሞላች። ውስጡ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ፣ የጨርቅ ቁራጭ፣ እንዲሁም የቅቤ ጣሳዋ አለ። ያ ቅቤ ከአዲስ አበባ በሰው እጅ የተላከ፣ በኮሰረትና በኮረሪማ የተነጠረ ነው። እኔ ለሽሮ ስለምናት በማንኪያ ጫፍ ነው የምትሰጠኝ።

ዛፉ ጋ እንደደረስን ነጠላዋን አጠበቀችና ሥራ ጀመረች። በመዳፏ ቅቤ ዛቅ አድርጋ ግንዱን ትቀባለች፣ ትንሽ ትጠብቃለች፣ በሽቦው ትፈገፍጋለች። አፏም አያርፍም፤ እየጸለየች ነው። ልጄ ጨርቅ ታቀብላለች። እኔ መንገዱን እጠብቃለሁ። የሐበሻ ቅቤ ሽታ የጀርመን ጫካን ሲሞላ አስቡት። ነጩ መስመር ግማሹ ለቀቀ፣ ግማሹ ቅርፊቱ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ እምቢ አለ።

እህት የመጣችው ያን ጊዜ ነው። አንድ ቅዳሜ እመጣለሁ ማለቷን እናቴ ረስታዋለች። እህት ሁለት የጸሎት ሴቶች አስከትላ የመንገዱ መታጠፊያ ላይ ብቅ ስትል ያየችው እንግዲህ ይህን ነው፤ አንድ ትልቅ ዛፍ፣ ሥሩ የተከፈተ የቅቤ ጣሳ፣ የእናቴ ሁለት እጆች እስከ ክርን በቅቤ ርሰው ግንዱን አቅፈዋል። የጸሎት መሪዋ ቆመች። ከኋላዋ ያሉት አንዷ የሌላዋን ክንድ ያዘች።

"እማማ" አለች እህት በቀስታ። "ምነው? ጌታን ከተቀበሉ በኋላ?"

እናቴ ዞረች። ያን ፊቷን አልረሳውም። "እየቀባሁት አይደለም" አለች። "እያጠብኩት ነው።"

ለማስረዳት አፌን ስከፍት አንድ ውሻ እየሮጠ መጣና ዛፉን ይልስ ጀመር። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ዛፍ አጋጥሞት አያውቅም። ከውሻው ኋላ አረንጓዴ ጃኬት የለበሰ ሰው መጣ፤ የደኑ ፎርስተር፣ ጠባቂው ነው። ዛፉን አየ፣ ሽቦውን አየ፣ ውሻውን አየ፣ ከዚያ ከሁላችን መካከል እኔን መርጦ ምን እየተደረገ እንደሆነ ጠየቀ።

እናቴ ከእኔ ቀደመች። "እንዳይቆርጠው ንገሪው። መሬቱ ሞልቶ የተረፈ እንጨት አለው፣ ይሄን ይተውልኝ በይው።"

ነገርኩት። ሰውዬው ግራ ገብቶት ጸጉሩን አከከና ቀስ እያለ አስረዳኝ። የሚቆረጡት ቀይ ቀለም የተቀቡት ናቸው። ነጩ መስመር የሚቀባው የማይነኩ ዛፎች ላይ ነው። ይህ ባሉጥ ሆዱ ውስጥ የሌሊት ወፍ፣ ግንደ ቆርቁርና ከስንት አንድ የሚገኝ ጥንዚዛ ስለሚኖርበት በራሱ ጊዜ እስኪወድቅ ድረስ ማንም እንዳይነካው ነው ምልክት ያደረጉበት። አሁን ግን ምልክቱ የለም። ዛፉ መንገድ ዳር ነው፣ ውስጡም ባዶ ነው፤ ቆራጮቹ በመጸው ሲመጡ ለአላፊ አግዳሚ አደገኛ ነው ብለው ይጥሉታል። እነሱ የሚያዩት ቀለሙን ነው።

ለእናቴ ተረጎምኩላት። በምን አፌ እንደተረጎምኩት አላውቅም።

"ቆይ" አለች። "ለማትረፍ ነው የቀቡት?"

"አዎ።"

"ቀለም ቀብተው ነው የሚያተርፉት?"

"አዎ፣ እማዬ።"

ሥሩ ላይ ተቀመጠች። ቅቤ የነካው እጇን ወደ ላይ ዘረጋች፣ ልብሷን እንዳይነካ። ከዚያ ስለ ቤቷ እንድነግረው ጠየቀችኝ። ስለ ቀዩ ምልክት፣ ስለ ጎረቤቷ ሽቦ፣ ስለ ዶዘሩ ነገርኩት። ሰውዬው እስክጨርስ ሰማኝና ኪሱ ውስጥ የነበረውን የሚረጭ ቀለም አወጣ። እንግዲህ እንደገና እንቀባዋለን አለ። ረጨው። ነጩ ቀለም ቅቤው ላይ እንደ እርጎ እየተንሸራተተ ወረደ። ደግሞ ረጨው፤ ደግሞ ወረደ።

በሳሙና ልጠበው አለች እናቴ። ጥንዚዛውን ይጎዳል፣ ኒሽት። በሙቅ ውሃስ? ኒሽት። ቅቤው በዝናብ እስኪታጠብና ግንዱ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው፤ እሱ ደግሞ ሰኞ ኡርላውብ ይወጣል። ለባልደረባው እንደሚነግርልን ቃል ገባ። ኡርላውቡን ማስተላለፍ ግን አልታሰበውም፤ በዚህ አገር የእረፍት ጊዜ የሚነካ ነገር አይደለም። ውሻውን ከዛፉ ለማላቀቅ ብዙ ታገለ።

እህት ይህን ሁሉ ቆማ ሰምታለች። ሁላችንም አየናት። "እኛ ለዛፍ አንጸልይም" አለች በመጨረሻ፣ ነጠላዋን እያጠበቀች። "ለዝናብ ግን እንጸልያለን።" ሴቶቹ ተሰልፈው ቆሙ። እንደዚያ ያለ ጸሎት ያ ጫካ ሰምቶ አያውቅም፤ ባለ ዘንጉ ሰውዬም ከሩቅ ሰምቶ መጣና ኮፍያውን አውልቆ ዳር ቆመ።

ዝናቡ መጣ። ፍራንክፈርት በዚያ ወቅት ሳይለምኗትም ትዘንባለች፤ ይህን ለሴቶቹ ለመናገር አልደፈርኩም። እናቴ ግን መስኮቱ ጋ ቆማ በየቀኑ ትሰጋ ነበር። ሲዘንብ ግንዱ ይታጠብ ይሆን? ሲያባራ ቆራጮቹ ይመጡ ይሆን? ቅቤዬ ትላለች፣ ቅቤዬን ሰጥቼ ነው የገደልኩት። ሹክሹክታዋ እንደገና ከፍ ማለት ጀመረ። አንድ ጠዋት ከታች ኮርኒሱ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ተደበደበ። እሷ ክው አለች። ቁም ሳጥኑን ከፍታ ካፖርቶቹ መሃል ስትገባ አየኋት።

ፎርስተሩ ከኡርላውብ ይመለሳል በተባለው ቅዳሜ ከአውቶቡስ እንደወረድን የመጋዝ ድምፅ ሰማን። እናቴ ሮጠች። ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት፤ ልጄ እንኳን አልደረሰችባትም። እዚያ ስንደርስ ባሉጡ ቆሟል፤ ብርቱካናማ ልብስ የለበሱ ሰዎች መጋዛቸውን አጥፍተው ሽቅብ እያዩት ይነጋገራሉ። እናቴ በመካከላቸው አልፋ ጀርባዋን ለግንዱ ሰጠች፣ እጆቿን ወደ ኋላ ዘርግታ ቅርፊቱን ያዘች፣ ጸሎቷንም ጀመረች። በዚህ ጊዜ አውሮፕላን አልጠበቀችም። ሰዎቹ የጆሮ መከላከያቸውን አውልቀው ነበር፤ መልሰው አደረጉት።

ብዙ አልቆየም፣ ፎርስተሩ ፊቱ በፀሐይ ጠቁሮ መጣ። ለሰዎቹ አንድ ነገር ተናገረና ሄዱ። ግንዱን በእጁ ዳሰሰው፣ አሸተተው፤ ደህና ነው አለ። ከዚያ የቀለሙን ጣሳ በጥብጦ ለእናቴ ሰጣት።

እናቴ አየችኝ። "እኔ?"

"አንቺ" አልኳት።

ዙሪያውን ቀባች። መስመሯ አንዳንድ ቦታ ወፍሯል፣ አንዳንድ ቦታ ቀጥኗል፣ ዞራ ስትመጣም ከጀመረችበት ጋር አልገጠመም። ፎርስተሩ ሁሉን ነገር ጉት፣ ጥሩ ነው፣ ይላል፤ ይህን ግን "ዜር ጉት" አለው፣ በጣም ጥሩ ነው። ጣሳው አልቋል ሲል እናቴ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ባዶ ነገር አትጥልም ብያለሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ሥራ ነበረኝ። ልብሴን ለብሼ ወጥቼ የቤታችንን በር ስዘጋ፣ መቃኑ ላይ በዓይኔ ትክክል ነጭ፣ የተጠማዘዘ መስመር አየሁ። ጣሳው ለካ አላለቀም። የኪራይ ውሉ ስለ በር ቀለም ምን እንደሚል ለማስታወስ ሞከርኩ፤ በዚያች ደቂቃ ደግሞ ሽማግሌው ቆሻሻቸውን ጥለው፣ የራሳቸውን በር አልፈው እስከ እኛ ደረጃውን ይወጣሉ። የሥራ ልብሴን አዩና እንደ ልማዳቸው "ኖኽ ኒሽት" አሉኝ። ቀጥሎ መስመሩን አዩት። ይህ ምንድን ነው አሉ።

ይቅርታ፣ ዛሬውኑ አጠፋዋለሁ ልል ነበር። ልጄ ከኋላዬ በፒጃማዋ ብቅ ብላ በጀርመንኛ መለሰችላቸው። ከደኑ የመጣ ምልክት ነው አለቻቸው፤ በራሱ ጊዜ እስኪወድቅ ድረስ ማንም ከቦታው አያነሣውም ማለት ነው።

ሽማግሌው መስመሩን ለረጅም ጊዜ አዩት። አንዴ እኔን፣ አንዴ የሥራ ልብሴን አዩ። ከውስጥ የእናቴ ሹክሹክታ ይሰማል፤ ወደ ምስጋናው እየተጠጋች ነው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለእሳቸውም በር የሚሆን ቀለም ጣሳው ውስጥ ተርፎ እንደሆነ ጠየቁኝ።